በወጉ ይረዳ

እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ያስታውቃል፤ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ ደጁ ይጠረጋል፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። የአመተ ጊዮርጊስ ቤት ግን በዚያ ታኅሣሥ የሚዘጋጀው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለእንኳን ደህና መጣህና ለለቅሶ። ሁለቱም ለአንድ ሰው ነው። ወንድሟ ገብረ ዮሐንስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ልደትን ሊያከብር ከኖርዌይ ሊመጣ ነው፤ ላሊበላ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። እናቱ እማሆይ ወለተ ኪዳን ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት እንደቀረውም ያልሰማ የለም፤ ከእሱ በቀር።

መቼም በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። እናቱ የሞተችበት ሰው በማለዳ ከመኝታው ተቀስቅሶ፣ ሽማግሌ ግራና ቀኙን ይዞት ይረዳል እንጂ፣ በሰው አገር ብቻውን ቆሞ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ አይረዳም። ራሱን ቢጥል ማን ያነሣዋል? እማሆይ የተቀበሩ ዕለት ከመቃብር መልስ ሽማግሌዎቹ ሰብሰብ ብለው የተነጋገሩት ይህንኑ ነበር። «ልጁ አገሩ ሲገባ በወጉ ይረዳ» ብለው ነገሩን የዘጉት አባ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ የአመተም የባሏም የነፍስ አባት። የቀሩት ራሳቸውን እየነቀነቁ «ደግ ብለዋል» አሉ። ውሳኔውስ ደግ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል፤ ገብረ ዮሐንስ በየእሑዱ ይደውላል፣ ስልኩን የምታነሣው ደግሞ አመተ ናት።

የመጀመሪያው እሑድ ሲደውል ቤቱ ገና ከለቀስተኛ አልጠራም ነበር። ስልኩን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች።

«እማሆይስ?» አላት።

«ደህና ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

አፏ እንዴት እንደታዘዘላት እስከ ዛሬ አታውቅም። በሚቀጥለው እሑድ «እስቲ አቅርቢልኝ» ሲላት ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል አለችው። ቆይቶ ጆሯቸው ከብዷል፣ በስልክ አይሰሙም አለች። ይኸም ሲያልቅባት አሸተን ማርያም ወጥተው ሱባኤ ገብተዋል፣ እዚያ ተራራ ላይ ስልክ አይሠራም አለች። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ልብስም ጉርስም ይፈልጋል። «መርቀውሃል»፣ «ልጅህን ሳምልኝ ብለዋል»፣ እያለች አንድ እሑድ ጭራሽ «ትናንት ሽሮ አማረኝ ብለው ሠራሁላቸው፤ ጥሩ በሉ» አለችው። ስልኩን ዘግታ ከቤቱ ጀርባ እንደተቀመጠች ባሏ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ደግፎ እስኪያስገባት ድረስ መነሣት አልቻለችም።

ለአባ ገብረ ሊባኖስ ተናዘዘች። አባ አቀርቅረው ሰሟትና «መሸሸጉ ግድ ነው፤ እኛው ነን ያልን» አሉ። «የሞተ ሰው ምርቃት ማድረስ ግን ሌላ ነው፣ ልጄ። እሱ ከባድ ነው።» ስግደት ሰጧት። «ቁርባኑን ደግሞ ቆዪ። ወንድምሽ ተረድቶ፣ በአፉ ይቅር ብዬሻለሁ እስኪልሽ ድረስ ቆዪ።»

መሸሸጉን ያዘዙት አባ፣ ቁርባኑ የተያዘባት አመተ። ይህን ልትላቸው ትችል ነበር፤ ግን ለነፍስ አባት እንዲህ ተብሎ አይነገርም፣ እሷም አላለችም። መስቀላቸውን ተሳልማ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመት እንዴት እንዳለፈ የቄስ ሚስት የሆነች ታውቀዋለች። ባሏ ቀድሶ ያቆርባል፤ ሰው በተራ ይቀርባል፤ እሷ ከሴቶቹ በር አጠገብ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ትቆማለች። የእናቷን ሞት መሸሸጓን ከተማው ቢያውቅም ኑዛዜ የአባትና የልጅ ነው፣ አይወራም። ስለዚህ ሴቶቹ የራሳቸውን ምክንያት ሰጧት። የቄሱ ሚስት ምን ሆና ነው? አንድ ነገር ቢኖርባት ነው እንጂ በተክሊል የተጋባች ሴት ዓመት ሙሉ ትቀራለች? ቄስ ሰይፈ ሥላሴም ይሰማል፤ ሰምቶም ዝም ይላል። አልጠየቃትም። አለመጠየቁም ደግነት ይሁን ጥርጣሬ አመተ መለየት አቅቷት ነበር። እንግዲህ ወንድሟ ለልደት እንደሚመጣ ሲነግራት ከሁሉ በፊት ወደ ልቧ የመጣው ናፍቆቱ አልነበረም፤ ይቅር ይለኛል፣ እቆርባለሁ የሚል ነበር። ለዚህም ራሷን ታዝባለች።

ዝግጅቱን ኅዳር ላይ ጀመረች። የራሷንና የቄስን መኝታ ለእንግዶቹ ለቀቀች፤ ግድግዳውን አስለቅልቃ ኖራ አስቀባች፣ ፍራሽ በባጃጅ አስመጣች። የፈረንጅ አገር ልጅ ቁጢጥ ማለት አታውቅም ብላ ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ላይ መቀመጫ አሠራች። ግንበኛው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ስለማያውቅ መቀመጫውን ከፍ አድርጎት ቁጭ ያለ ሰው እግሩ ይንጠለጠላል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ግን መጥታ አይታ «ሞዴል ቤተሰብ ናችሁ» ብላ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈችበት። ጎረቤቷ ዘነቡ «በይ እንግዲህ፣ ዙፋን ሠራሽ፤ የሚነግሥበትን ያምጣልሽ» እያለች ስትስቅ ሰነበተች።

ይህ ለዓይን የሚታየው ነው። የማይታየው ደግሞ ነበር። የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮቹ ዘነቡ ጓሮ በጭድ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ለንፍሮ የሚሆነው ስንዴና ባቄላ ተለቅሞ በጆንያ ተቋጥሯል። አመተ ከቀብሩ ጀምሮ ከላይዋ ያላወረደችው ጥቁር ልብስ ለአንድ ቀን ወልቆ የሚደበቅበት ሣጥን ተዘጋጅቷል። ከአየር ማረፊያው ሰው የሚያመላልሱት ሹፌሮች፣ አስጎብኚዎቹ፣ የባጃጁ ልጆች ሳይቀሩ «ነፍስ ይማር እንዳትሉት፣ አፋችሁን ያዙ» ተብለዋል።

ከሁሉ የከበዳት የእማሆይ መደብ ነው። ሴትየዋ «በሕይወት ካሉ» መኝታቸው እንደ ሰው መኝታ መሆን አለበት፤ ልብሳቸው ግን በሞቱ በሳምንቱ ለነዳያን ተሰጥቷል። ጋቢያቸውን የወሰደችው አንዲት ደካማ መነኩሲት ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር የምትኖር። አመተ ሄዳ ለአንድ ቀን አውሺኝ ስትላት መነኩሲቷ ጋቢውን ወደ ደረቷ ሰብሰብ አድርጋ ያዘችው።

«ለነፍሳቸው የሰጣችሁኝን ልትወስዱብኝ ነው?»

«እመልስልሻለሁ እናቴ። ወንድሜ ሲገባ መደቡን ባዶ እንዳያየው ነው።»

መነኩሲቷ አውልቃ ሰጠቻት። አመተ የሟች እናቷን ጋቢ ከለማኝ ተውሳ፣ አጥባ፣ መደቡ ላይ አነጠፈች። መቋሚያቸውንም ከራስጌው አቆመች። ይህን ሁሉ ያስደረጋት ወግ ነው እንግዲህ።

እንግዶቹ የገቡት ከበዓሉ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ነው። ከተማው በእግሩ ከየአገሩ በሚጎርፍ ምእመን ተጨናንቆ መኪናው ደጅ ድረስ መምጣት ስላልቻለ ሻንጣውን ሰው ተሸክሞት መጣ። አመተ እናቷ በሞቱበት ዓመት ለጥምቀት ለብሳው የነበረውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ገብረ ዮሐንስ ወፍሯል፣ ግንባሩ ገለጥ ብሏል። አቅፎ አልለቅ አላት። ሚስቱ እየሩስ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚያው ነው የተዋወቁት። ልጅቷ ጽጌማርያም ትባላለች፣ ጥርሷን ገና እየቀየረች ነው፤ አክስቷን «ሰላም ነው» ብላ በጨዋ ደንብ ጨበጠቻት።

አመተ እስኪጠይቃት አልጠበቀችም። ብዙ ሌሊት ያጠናችው ነውና እንደ ዳዊት ወረደላት። «እማሆይ አሸተን ናቸው። ሱባኤያቸውን ሳልጨርስ አልወርድም ብለው ነው፤ ነገ ይመጣሉ።»

«እሺ፣ ይምጡ» አለ ገብረ ዮሐንስ።

አለቀ። አመተ ለሚቀጥለው ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ነበር። አሁኑኑ ልውጣና ልያቸው ቢል በቅሎው ሁሉ ለቱሪስት ተይዟል፣ መንገዱም ይመሻል ልትለው ነው። በሱባኤ ያለ ሰው አይጎበኝም ብለው አባ ከልክለዋል ልትለውም ነው። አንዱም አላስፈለጋትም። ገብረ ዮሐንስ ገብቶ ተቀመጠ፤ መደቡንና ጋቢውን አየት አደረገና ዓይኑን ወደ ልጁ መለሰ። ምሳ ሲቀርብለት ስልጆውን «ስንት ዓመቴ» እያለ፣ የሱፍ ፍትፍቱን እያስጨመረ ጥሩ በላ። እየሩስ ናት ጉርሻው አልወርድ ያላት። የሚገባው ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ገብረ ዮሐንስም ለምን አቀረቀራችሁ አላለም።

የሰው ልጅ ነገር ያለ ልክ ሲቀናው ይጠራጠራል፤ አመተ ግን ጥርጣሬዋን ገፋችው። ደክሞት ነው አለች። ሆዱ አምኖኝ ነው አለች። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገባት፤ ያመነኝን ሰው ነው ነገ እንዲህ የማደርገው ብላ አዘነችለት።

ወደ አመሻሹ ላይ እግራቸውን ልታጥብ ውኃ አሞቀች። በልደት ሰሞን የላሊበላ ሰው የማያውቀውን መንገደኛ እንኳ እግሩን ያጥባል፣ የገዛ ሰውማ እንዴት ይቀራል። ልጅቷ ስትታጠብ እየተኮረኮረች ከት ከት ብላ ሳቀች፤ ቤቱ ውስጥ ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ተስቆ አያውቅም። የገብረ ዮሐንስን አጠበች። እየሩስ ክፍሏ ገብታ ነበርና አመተ የተረፈውን ውኃ ይዛ ወደዚያው ዘለቀች።

ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ከላይ ጥቁር ልብስ ተደርድሯል። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ የወንድ ጥቁር ሹራብ። ከነዚህ ላይ ደግሞ ጥርሷን ለምትቀይር ልጅ የሚሆን ጥቁር ቀሚስ፣ የሱቁ ወረቀት እንኳ ሳይቆረጥለት። እየሩስ ክዳኑን ልትመልሰው እጇን ሰደደች፤ ግን ዘገየች።

አመተ የውኃውን ገበታ መሬት አስቀመጠች። «ይህ ለምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?»

እየሩስ ፊቷ ተለዋወጠ። «እሱን ይጠይቁት፣ እትዬ» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔ ብዬው ነበር። ስንቴ ነው ያልኩት» አለች።

ገብረ ዮሐንስ ጓሮ ነበር፤ ከካቡ ላይ ተደግፎ ከታች ሜዳው ላይ ያረፈውን ምእመን ያያል። አመተ አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«መቼ ሰማህ?»

ምኑን አላላትም። ይህን ክብር እንኳ አልነፈጋትም።

«በሳምንቱ» አለ። «አንድ ከዚህ ከኩልመስክ የሄደ ልጅ አለ፣ እኛ ጋ የሚቀድስ። የተረዳሁ መስሎት እግዚአብሔር ያጽናህ አለኝ።»

«በሳምንቱ።»

«ለቅሶ ተቀመጥን። ያለው አበሻ ሁሉ መጣ፣ ፍትሐትም ተደረገ። እኔ እዚያ አልቅሼ ጨርሻለሁ፣ እታለም።»

«ከዚያ ወዲያ በየእሑዱ እየደወልክ እማሆይ እንዴት ናቸው ስትለኝ...»

«ካልጠየቅሁሽ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ ነው።»

«ብጠረጥርስ?»

«ማወቄ ከታወቀ መምጣት ነበረብኛ። ያኔ ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባችበት ነው፣ እኔም ሥራ የቀየርኩበት። እናቱ ሞታ እያወቀ ዓመት የቀረ ሰው ምን ይባላል? ያልሰማ ሰው ግን አይወቀስም። ደግሞ እኔ ምን አጠፋሁ? የሸሸጋችሁኝ እናንተ። እናንተም እንዲህ ይሻላል ብላችኋል፣ እኔም ተውኳችሁ።»

አነጋገሩ ቀዳዳ አልነበረውም። እናታቸው አልጋ ላይ ሳሉ ዓይናቸው በር በር እያየ «ዮሐኔ አልደረሰም?» ሲሉ አመተ ደውላ ነግራው፣ ለፋሲካ እመጣለሁ ብሏት ነበር። ይህንንም እንዲሁ ቀዳዳ በሌለው አነጋገር ነበር ያላት።

የገብረ ዮሐንስ ድምፅ ተሰበረ። «ደግሞ እኮ ስታወሪልኝ ያሉ ይመስለኝ ነበር። ሽሮ አማረኝ አሉ ያልሽኝ ዕለት ስልኩን ዘግቼ ሮጬ ለእየሩስ ነገርኳት፤ እማሆይ ሽሮ አማራቸው ብዬ። መሞታቸውን ረስቼው። እሷ ዝም ብላ ስታየኝ ነው ትዝ ያለኝ። ለእሱ ስል ነበር እሑድን የምጠብቅ።»

ይህ እውነት እንደሆነ አመተ አላጣችውም። እውነት መሆኑ ግን አላበረዳትም፤ እንዲያውም ባሰባት። እሱ የሚጠግብበትን እሷ ከነፍሷ እየቆረሰች ስታቀርብለት ነው ዓመቱ ያለቀው።

«እኔ ዓመት ሙሉ አልቆረብሁም» አለችው። «አንተን ስዋሽ። አባ ይቅር እስኪልሽ ቆዪ ብለውኝ ነው። ሰው ምን እያለኝ እንደሆነ ታውቃለህ?»

እውነትም አላወቀም ነበር፤ ደንገጥ አለ። ወዲያው ግን መፍትሔ እንዳገኘ ሰው ፊቱ ፈታ አለ። «ታዲያ ይኸ ምን ችግር አለው፤ ነገ ይቅር እልሻለሁ። በሰው ፊት።»

አመተ ዞር ብላ አየችው።

«ግን ነገ ሲመጡ የማውቅ አታስመስይ» አለ። «በእማሆይ አጽም ይዤሻለሁ። ለቄስም እንዳትነግሪ፣ ለአባም። አገሬ ውስጥ እናቱን ያልቀበረ፣ እያወቀ የቀረ ተብዬ ልቀር? ልጄስ ምን ትባላለች? የኔ ስም ሲጠፋ የሳቸውም አብሮ ነው የሚጠፋ።»

«አባንም ልዋሽ?»

«ዝም በይ ነው ያልኩሽ፤ ዋሺ አላልኩሽም።»

አመተ ትታው ወደ ቤት ገባች። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ለማኅሌቱ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያድር የምታማክረው አልነበራትም፤ ቢኖርስ ምን ትለዋለች? ንፍሮውን ለዘነቡ ሰጥታ እንዲቀቀል አደረገች፤ አልጋ ያነጠፈችላቸውን እንግዶች «ደህና እደሩ» አለች፤ እሷ የእማሆይ መደብ ላይ ጋደም አለች። ጠዋት ለአባ በር ላይ ብነግራቸውስ ብላ አሰበችው። ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፣ ድንኳኑ ይታጠፋል፣ የሙት ዓመቱ መታሰቢያ ሳይደርስ የእማሆይ ስም ከልጃቸው ጋር በየጠላ ቤቱ ይነሣል። ይህን ለእናቷ አትወድም። ሲነጋጋ ይህን ብቻ እርግጠኛ ሆና ተነሣች።

የመጡት ገና ወፍ ሳይንጫጫ ነው። አባ ገብረ ሊባኖስ ከፊት፣ ቄስ ሰይፈ ሥላሴና ሌሎቹ ሽማግሌዎች ከኋላ። ወጣቶቹ ድንኳኑን ከዘነቡ ጓሮ ድምፅ ሳያሰሙ እየጎተቱ ነው። አመተ በሩን ልትከፍት ስትሄድ የእንግዶቹ ክፍል መጋረጃ ገርበብ ብሏል። ገብረ ዮሐንስ ልብሱን ለብሶ ቆሞ ነበር። የእግር ኮቴ ሲሰማ ጫማውን አወለቀና ተመልሶ ተኛ፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አንገቱ ሳበው።

ቀስቅሰው አስቀመጡት። ሁለት ሽማግሌ ከግራና ከቀኝ ክንዱን ያዙት። አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን ይዘው «ልጄ» አሉ፤ «አዳምን የፈጠረ አምላክ ሞትንም አዞበታል። አንተ በሰው አገር ነህ፣ ክፉ እንዳያገኝህ ብለን ሸሽገንሃል። እናትህ እማሆይ ወለተ ኪዳን አርፈዋል።»

ጮኸ። መጀመሪያ አመተ በቁሟ ታዘበችው፤ ደረቱን ሲመታ፣ ከያዙት ሰዎች እጅ ሊያመልጥ ሲታገል፣ ደንቡን አንድም አላጓደለም። ለዓመታት እንደተለማመደ ሰው አለቀሰ። ቆይቶ ግን ድምፁ ተለወጠ። ልጅ ሆኖ ከገደል አፋፍ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ዕለት እማሆይን የጠራበት ድምፅ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ያለቀሰው የእውነቱን ነው። ባይሆን ይቀላት ነበር። እየሩስ ጥቁሯን ለብሳ ወጣች፤ ልጅቷንም አለበሰቻት፤ ጥቁር ልብሱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ገብተው ለቅሶውን ተቀበሉት።

ይህን ጊዜ ገብረ ዮሐንስ ወደ እሷ ዞረ።

«እታለም፣ ምነው ሸሸግሽኝ» አለ፣ እጆቹን ወደ እሷ ዘርግቶ። «ባውቅ ኖሮ በማግሥቱ አልደርስም ነበር ወይ። እናቴን አፈር ሳልመልስባት። ዓመት ሙሉ በቁሜ ስትሸነግይኝ ምነው አላሳዘንኩሽ።»

ቤቱ በሙሉ ወደ አመተ ዞረ። «እውነቱን ነው፣ አንጀት ይበላል» አለች ከሴቶቹ አንዷ እንባዋን እየጠረገች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠችለት። ንፍሮውን የቀቀለችው ዘነቡ እንኳ አቀረቀረች። እኛ ነን ያዘዝናት፣ ከመቃብር መልስ ተቀምጠን ያልነው እኛ ነን የሚል ሽማግሌ አልተገኘም። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ አንድ ነገር ሊል ብድግ ብሎ አባን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይቅርታ ጠይቂው፣ ልጄ» አሉ አባ ገብረ ሊባኖስ።

አመተ ተንበረከከች። ከዓመት በፊት ጀምራ እንዲህ ስትንበረከክ ራሷን ታይ ነበር፤ በሐሳቧ ውስጥ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር። አሁን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም።

«ይቅር በለኝ» አለችው።

ገብረ ዮሐንስ በሁለት እጁ አነሣት፤ ጥብቅ አድርጎ አቀፋት። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እታለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ጉንጯን ሲስም ደግሞ በጆሮዋ፣ ለሷ ብቻ፣ «ተባረኪ» አላት።

«እሰይ፣ እግዜር ይስጥህ» አለ ቤቱ። ከአንድ እናት የወጣ እንዲህ ነው ተባለ። ፈረንጅ አገር ኖሮ አንጀቱ ያልደረቀ ተባለ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ ንፍሮው ዞረ፤ ከሩቅ የመጣው ምእመን ሳይቀር ለቅሶ ነው ሲሉት ጎራ እያለ «ነፍስ ይማር» ብሎ አለፈ። ገብረ ዮሐንስ ከመሐል ተቀምጧል፤ ልጅቷ ሸካራው ጥቁር ቀሚስ አንገቷን እየበላት ጉልበቱ ላይ ተደግፋለች።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል አባ ገብረ ሊባኖስ አመተን ከድንኳኑ ጀርባ ጠሯት። ፊታቸው በርቷል፤ ሥራቸው በደንብ እንዳለቀላቸው ሰው ናቸው።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ ሸክምሽ ወረደ። ለልደት ከቄስ ጋር ጎን ለጎን ትቆርቢያለሽ። የሰው አፍም ይዘጋል።»

ዓመት ሙሉ የተመኘችው ቃል ነው። አመተ መስቀላቸውን ተሳለመች።

«አልቆርብም፣ አባቴ።»

አባ ግራ ተጋቡ። «ምን ቀረሽ? ይቅር አለሽ እኮ። ሁላችንም በጆሯችን ሰማን።»

«ያኛውስ አልቋል፣ አባቴ። ይኸ ዛሬ ጠዋት የጀመርኩት ነው።»

አባ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከድንኳኑ ውስጥ የገብረ ዮሐንስ ድምፅ መጣ። በለቅሶ ጎርንኗል። «እታለምን ጥሩልኝ» ይላል፤ «ነዪ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።» ለቀስተኛው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ሄዳ ተቀመጠች።